በክርክር ላይ ባለ ንብረት ላይ ሦስተኛ ወገን የሚያነሳው የባለቤትነት ጥያቄ በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዴት ይወሰናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሌሎች ሰዎች በሚከራከሩበት ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ በተከበረ (በፍርድ ቤት ትእዛዝ በተያዘ) ንብረት ላይ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» የሚሉ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተመሠረቱት በኢትዮጵያ ሕግ፣ በተለይም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ፣ ስለ ባልና ሚስት ንብረት የተነገረው የፌዴራሉን ሕግ ብቻ የሚመለከት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሦስተኛ ወገን የሚባለው ማን ነው?

በክርክሩ ከሳሽም ተከሳሽም ሆኖ ያልተሰለፈ፣ ነገር ግን የሚሰጠው ፍርድ መብቱን የሚነካበት ሰው ነው። የተከራካሪው ዘመድ መሆን፣ በቤቱ ውስጥ ለዓመታት መኖር ወይም ለባለቤቱ ገንዘብ ማበደር ብቻውን ለዚህ አያበቃም፤ በንብረቱ ላይ በሕግ ሊረጋገጥ የሚችል የራስ መብት መኖር አለበት።

ብዙዎች የሚስቱት ነገር ግን አለ። ከተሸናፊው ተከራካሪ መብቱን የተቀበለ ሰው እንደ ሦስተኛ ወገን አይታይም። ክሱ እየታየ ሳለ ቤቱን ከተከሳሹ የገዛ ሰው፣ ወይም ተከራካሪው ሲሞት በእግሩ የተተካ ወራሽ፣ የሚከራከረው በተከራካሪው መብት ስለሆነ ፍርዱ በእሱም ላይ ይጸናል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 5 የተደነገገው፣ አንድ ጊዜ በፍርድ ያለቀ ነገር ዳግም አይነሳም የሚለው መርሕ ዋናዎቹን ተከራካሪዎች ብቻ ሳይሆን ከእነሱ መብት ያገኙትንም ያስራል።

ንብረቴ በማላውቀው ክርክር ውስጥ እንደገባ ሰማሁ። በየትኛው መንገድ ልቅረብ?

ሕጉ ሦስት መንገዶች ዘርግቷል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው ክርክሩ የደረሰበት ደረጃ ነው።

ፍርድ ገና ካልተሰጠ መንገዱ በቁጥር 41 መሠረት ጣልቃ መግባት ነው። አመልካቹ ጥቅሙ ምን እንደሆነና ለምን መግባት እንዳስፈለገው በማመልከቻ ይገልጻል፤ ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው በክርክሩ ውስጥ ሙሉ ተከራካሪ ይሆናል፣ ምስክር ያሰማል፣ ሰነድ ያቀርባል፣ ሲሸነፍም ይግባኝ ይላል።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላ፣ ነገር ግን ከመፈጸሙ በፊት ከሆነ መንገዱ የቁጥር 358 የፍርድ መቃወሚያ ነው። በዚህ ድንጋጌ የሚጠቀመው በክርክሩ ተካፋይ መሆን ይገባው ወይም ይችል የነበረ፣ በራሱም ሆነ በወኪል ያልተካፈለና ፍርዱ ጥቅሙን የነካበት ሰው ነው። መቃወሚያው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ያ ፍርድ ቤት ሁሉንም ወገኖች ሰምቶ የቀድሞውን ፍርድ ሊያጸና፣ ሊለውጥ ወይም ሊሰርዝ ይችላል።

ሦስተኛው በቁጥር 418 የተመለከተው ነው። እዚህ ላይ ፍርዱ ስለ ንብረቱ ባለቤትነት አይናገርም፤ አንድ ሰው በብድር ወይም በሌላ ዕዳ ተፈርዶበት፣ ፍርዱን ለማስፈጸም የእሱ ነው ተብሎ የተከበረው ንብረት የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ የሚነሳ ተቃውሞ ነው።

በ358 እና በ418 መካከል ያለው ልዩነት ተራ የቁጥር ጉዳይ ይመስላል እንጂ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ከሚዘጉባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። በ358 የሚመጣ ሰው «ፍርዱ ራሱ ስሕተት ነው» ይላል። በ418 የሚመጣ ሰው ግን ፍርዱን አይነካም፤ «ዕዳው የእሱ ይሁን፣ ቤቱ ግን የእኔ ነው» ነው የሚለው። አበዳሪና ተበዳሪ በተከራከሩበት የገንዘብ ክስ ላይ የ358 መቃወሚያ ይዞ የሚቀርብ ሰው የገንዘቡ ፍርድ እንዴት ጥቅሙን እንደነካ ማስረዳት ያቅተዋል፤ ቤቱን የነካው ፍርዱ ሳይሆን የማስከበሪያ ትእዛዙ ነውና።

በሥር ፍርድ ቤት ተከራካሪ አልነበርኩም። በቀጥታ ይግባኝ ማለት እችላለሁ?

አይቻልም። በቁጥር 320 መሠረት ይግባኝ የተከራካሪ ወገን መብት ነው፤ ያልተከራከረ ሰው የሚያቀርበው የይግባኝ ማመልከቻ ይዘቱ ሳይመረመር ውድቅ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ በመቃወሚያ ወይም በራሱ ክስ ጥያቄውን ፍርዱን ወደ ሰጠው ፍርድ ቤት ማምጣት አለበት። መቃወሚያው ተሰምቶ ውሳኔ ሲሰጥበት ተከራካሪ ስለሚሆን፣ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ይግባኝ ይላል።

ዋናዎቹ ተከራካሪዎች ይግባኝ ላይ ናቸው። እዚያው ጣልቃ ልግባ?

ቁጥር 41 ጣልቃ ገብነት «ከፍርድ በፊት» እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይግባኝ ላይ ያለ ጉዳይ ደግሞ አንድ ጊዜ የተፈረደበት ነው። ከዚህም በላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሥር ያልተነሳ አዲስ ፍሬ ነገር እንዳይነሳበት በቁጥር 329 የተከለከለ ስለሆነ፣ ምንም ማስረጃ ያልተሰማለትን ሰው ጥያቄ እዚያው ተቀብሎ ቢወስን ሌሎቹ ወገኖች የመጀመሪያ ደረጃ ክርክር ሳያደርጉ ይፈረድባቸዋል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚሰጠው መልስ «መብትህን በቁጥር 358 መሠረት ጠይቅ» የሚል ነው።

የተለየ ሁኔታ የሚፈጠረው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገቡን ሲመረምር ያ ሰው በሌለበት ጉዳዩ በትክክል ሊወሰን እንደማይችል ሲገነዘብ ነው። የአራት ወራሾች የጋራ ቤት በሁለቱ መካከል ብቻ ክርክር ተደርጎበት ተፈርዶ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሽሮ የቀሩት ወራሾች ወደ ክርክሩ እንዲገቡና ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሊመልሰው ይችላል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ይግባኝ ባዩን የሚያበሳጭ ቢሆንም፣ ነገ በመቃወሚያ የሚፈርስ ፍርድ ከማጽናት የተሻለ ነው።

መቃወሚያዬ ወይም ጣልቃ ገብ ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። ይግባኙ እንዴት ይጀምራል?

የይግባኝ ማመልከቻው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ጊዜው ካለፈ የይግባኝ ማስፈቀጃ በበቂ ምክንያት ተደግፎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ የጠበቃ ወይም የወኪል ቸልተኝነት ግን በሕጉ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። «ጠበቃዬ ነው ያሳለፈብኝ» የሚለው አቤቱታ በየችሎቱ ቢሰማም ይህን ድንጋጌ አይሻገርም።

ማመልከቻው ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ተቃራኒውን ወገን ሳይጠራ ይግባኝ ባዩን ብቻ ይሰማል። በዚህ ደረጃ ዳኞቹ የሚጠይቁት በሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ መልስ የሚያስፈልገው ስሕተት አለ ወይ የሚለውን ነው። ከሌለ በቁጥር 337 መሠረት መዝገቡ ይዘጋል፤ ካለ «ይግባኙ ያስቀርባል» ተብሎ ለመልስ ሰጪው መጥሪያ ይወጣል። የሦስተኛ ወገን ይግባኞች እዚህ ላይ የሚቀሩበት ዋነኛ ምክንያት ማመልከቻው ለሥር ፍርድ ቤት የተነገረውን ታሪክ በሙሉ እንደገና ሲተርክ፣ የሥር ፍርድ ቤቱ የትኛውን ሰነድ እንደዘለለ ወይም የትኛውን ድንጋጌ ያለ ቦታው እንደጠቀሰ አለመናገሩ ነው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምስክሮቼን እንደገና ይሰማልኛል? አዲስ ሰነድስ?

ይግባኝ አዲስ ክርክር አይደለም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በፍሬ ነገርም በሕግም ጉዳይ የመመርመር ሥልጣን አለው፤ የምስክሮች ቃል ከተመዘገበበት የሥር መዝገብ ተነስቶ «የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃውን በትክክል መዝኗል ወይ» ብሎ ይጠይቃል። ምስክሩን አይቶ የሰማው የሥር ዳኛ በመሆኑ ግን የምስክር ተአማኒነት ላይ የተደረሰበትን መደምደሚያ በቀላሉ አይለውጥም። የሰነድ ትርጉም ላይ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ውሉን ይግባኝ ሰሚውም እኩል ማንበብ ይችላል።

አዲስ ማስረጃ በመርሕ ደረጃ ክልክል ነው። በቁጥር 345 የተፈቀዱት ሁኔታዎች ጠባብ ናቸው፤ የሥር ፍርድ ቤት መቀበል የነበረበትን ማስረጃ ያለ አግባብ አልቀበልም ብሎ ከሆነ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ አሰጣጥ ያስፈልገኛል ሲል ነው። ሁለተኛው ሁኔታ በባለቤትነት ክርክር ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤቱ የይዞታ ማኅደሩን ወይም የተሽከርካሪውን የምዝገባ ፋይል ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሲያስቀርብ ነው። ተከራካሪው በእጁ የነበረውን ሰነድ ቸል ብሎ ሳያቀርበው ቢቀር ግን ይህ በር አይከፈትለትም።

ካርታው በሌላ ሰው ስም ነው። ባለቤት መሆኔን ማስረዳት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ቀላል ግን አይደለም። መጀመሪያ ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ በከተማ ስለ «ቤት ባለቤትነት» ስንናገር የምንናገረው ስለ ሕንፃውና በይዞታው ስለ መጠቀም መብት ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 የአስተዳደር አካል የማይንቀሳቀስ ንብረት የእገሌ ነው ብሎ የባለቤትነት ማረጋገጫ ሰነድ ከሰጠ፣ ስሙ የተጻፈው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ የሕግ ግምት ነው፤ ቁጥር 1196 ሊፈርስ የሚችልባቸውን መንገዶች ዘርዝሯል። ሰነዱ ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ መሆኑ፣ ፈራሽ በሆነ ተግባር ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ መሆኑ፣ ወይም ተቃዋሚው ወገን ባለቤትነቱን ያገኘው ሰነዱ ከተሰጠበት ቀን በኋላ መሆኑ ከተረጋገጠ ግምቱ ይነሳል።

ሦስተኛ ወገኖች የሚሸነፉት ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ለይተው ስለማይከራከሩ ነው። «ቤቱን የሠራሁት በእኔ ገንዘብ ነው፣ ወንድሜ ስሙን ብቻ ነው የሰጠኝ» የሚል ክርክር በተለይ በውጭ አገር ከሚኖሩ ሰዎች በኩል በተደጋጋሚ ይነሳል። ገንዘብ የተላከበት የባንክ ወረቀት ገንዘብ መላኩን ያስረዳል እንጂ በራሱ ካርታውን አይገለብጥም፤ ስጦታ ነበር፣ ብድር ነበር፣ ለቤተሰብ መጦሪያ ነበር የሚሉት አማራጮች ሁሉ ክፍት ናቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እዚህ ላይ የሚፈልገው ገንዘቡን ከቤቱ ጋር የሚያስተሳስር ነገር ነው፤ ላኪው ቤት እንዲሠራለት የሰጠውን ውክልና፣ የግንባታ ውል፣ የኮንትራክተር ክፍያ ደረሰኝ፣ ወንድምየው «ቤትህ ጣሪያ ላይ ደርሷል» ብሎ የጻፈውን ደብዳቤ። እንዲህ ያለ ማስረጃ ባለበት እንኳ ላኪው የሚያገኘው ቤቱን ሳይሆን የገንዘቡን መመለስ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ክሱ ሲዘጋጅ «ቤቱ ካልተሰጠኝ ገንዘቡ ይመለስልኝ» የሚል አማራጭ ዳኝነት መጠየቅ ብልህነት ነው፤ በሥር ፍርድ ቤት ያልተጠየቀ ዳኝነት በይግባኝ አይገኝምና።

ቤቱን በውል ገዝቻለሁ፤ ስም ግን አልዞረልኝም። የሻጩ ባለዕዳ ቤቱን አስከብሮታል ሲባል ሰማሁ።

በመጀመሪያ፣ ያስከበረው የሻጩ ባለገንዘብ፣ ማለትም አበዳሪው ነው፤ ባለዕዳው ሻጩ ራሱ ነው። ይህ በጣም አስቸጋሪው፣ በአዲስ አበባም ምናልባት በብዛት የሚያጋጥመው ሁኔታ ነው።

አንድ ሰው በዕጣ የደረሰውን የጋራ መኖሪያ ቤት ለሌላ ሰው ሸጠ እንበል። ቤቱ ለተወሰኑ ዓመታት ለሌላ እንዳይተላለፍ ገደብ ስላለበት ስም ማዞር አልተቻለም። ገዢው ሙሉ ክፍያ ከፍሎ፣ በሦስት ምስክሮች የተፈረመ ውልና የማይሻር ነው የተባለ ውክልና ይዞ ገባ፤ መብራቱንና ውኃውን እየከፈለ ከቤተሰቡ ጋር መኖር ጀመረ። ዓመታት ቆይቶ የሻጩ አበዳሪ አስፈርዶ፣ በሻጩ ስም የተመዘገበ ንብረት ሲያፈላልግ ይህን ቤት አገኘውና አስከበረው። ገዢው በ418 ተቃውሞ አቀረበ፤ ጉዳዩም እስከ ይግባኝ ደረሰ።

ዳኞቹ ፊት ያለው ጥያቄ ገዢው ከፍሏል ወይ የሚለው ብቻ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ሲተላለፍ በመዝገብ መጻፍ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ቁጥር 2878 ደግሞ ያልተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። ለዚህ ክርክር ሲባል ሦስተኛ ወገን የሚሆነው አበዳሪው ነው። በዚህ ላይ ቁጥር 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ራሱ ውሉን ካመነ የፎርም ጉድለቱን መከራከሪያ ሊያደርገው እንደማይችል የተገለጸ ቢሆንም፣ ይህ የሚጠቅመው ገዢና ሻጭ ሲካሰሱ ነው፤ የሻጩ እምነት አበዳሪውን አያስርም። ሻጩማ ቤቱ በዕዳ ከሚሸጥበት «አዎ ሽጫለሁ» ብሎ ቢመሰክር ምን ገዶት!

ለዚህ ነው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገቡን ሲገልጥ የውሉን የመጨረሻ ገጽ፣ እዚያ ላይ ያለውን ማኅተምና ቀን አስቀድሞ የሚመለከተው። በግል የተጻፈ ውል ላይ የሰፈረ ቀን ከውሉ ውጭ ባለ ሰው ላይ እርግጠኛ ቀን የሚሆነው በማዋዋያ ወይም በሌላ የመንግሥት አካል ሲረጋገጥ ነው። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የተመዘገበ ውክልና ውሉን ባያስተካክለውም ቢያንስ ግንኙነቱ ከዕዳው በፊት እንደነበረ ያሳያል። በእኔ ግምት ዓመታትን በይዞታ ያሳለፈን ቅን ገዢ ባዶ እጁን የሚያስወጣው አተረጓጎም ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ የመዝገቡን ቃል አምኖ ያበደረውንም ሰው እያሰበ የተጻፈ በመሆኑ ዳኞች ከቁጥር 2878 ቃል ለመራቅ ጠንካራ ምክንያት ይፈልጋሉ። ገዢው ከተሸነፈ የሚቀረው በሻጩ ላይ የከፈለውን ዋጋና ኪሣራ መጠየቅ ነው።

ባለቤቴ ቤታችንን ያለ እኔ ፈቃድ ሸጠ ወይም አስያዘ። እኔ ሦስተኛ ወገን ነኝ?

በክርክሩ ካልተካፈሉ አዎን። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 63 በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግል ነው የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

እነዚህን ሁለት አንቀጾች ይዞ የሚቀርብ የትዳር ጓደኛ ጠንካራ ነው፤ የሚወድቀው በአንቀጽ 69 ላይ ነው። ያለ ስምምነት የተደረገው ውል እንዲፈርስ የሚጠየቀው የትዳር ጓደኛው ውሉን ባወቀ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት «መቼ አወቀች?» የሚለውን በመመርመር ነው። ገዢው ቤቱን ሲረከብ እሷ እዚያው ትኖር ነበር? የሐራጅ ማስታወቂያ በበሩ ላይ ተለጥፎ ነበር? ከዚህም ሌላ ችሎቱ ባልና ሚስት ተማክረው ከዕዳ ለማምለጥ የፈጠሩት ክርክር እንዳይሆን ይጠነቀቃል፤ ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ከሆነ ደግሞ የጋራ ንብረቱ ተጠያቂ የሚሆንበት ሁኔታ አለ።

መኪናና የቤት ዕቃ ላይስ?

ለተንቀሳቃሽ ዕቃ መነሻው ይዞታ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1193 ዕቃውን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። በተበዳሪው ቤት የተገኘ ሶፋና ቴሌቪዥን የአብሮ ነዋሪው ነው ከተባለ፣ የግዢ ደረሰኝ የሌለው ተቃውሞ ከባድ ፈተና አለበት። መኪና የሚመዘገብ ንብረት ስለሆነ ሊብሬው በማን ስም እንዳለ መሠረታዊ ጥያቄ ነው፤ በእጅ መያዝ ብቻውን አይበቃም።

ሁለት ሰዎች ተመሳጥረው በእኔ ቤት ላይ አስፈረዱ። ምን ላስረዳ?

እንዲህ ያለው ነገር የሚሠራበት የታወቀ መንገድ አለ። አንዱ ይከሳል፣ ሌላው መጥሪያው እንደደረሰው «ከሳሽ ያለው እውነት ነው» ብሎ ያምናል፣ ፍርድ ቤቱም በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 242 መሠረት በእምነቱ ላይ ተመሥርቶ ይፈርዳል። ምንም ማስረጃ አልተሰማም፤ እውነተኛው ባለቤት የሚሰማው አፈጻጸም ሲመጣ ነው።

ለእንዲህ ያለው ሰው 358 የተጻፈለት ያህል ነው። ተቃዋሚው ተመሳጥረዋል የሚለውን ማስረዳት የግድ አያስፈልገውም፤ መብቱንና በክርክሩ አለመካፈሉን ካስረዳ ይበቃል። ሆኖም ክሱና እምነቱ በቀናት ልዩነት መቅረባቸው፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ጽሑፍ መዘጋጀታቸው፣ ተከሳሹ ምንም የሚያተርፍ ሳይሆን ማመኑ በመዝገቡ ላይ ካለ ይግባኝ ሰሚው ሳያስተውለው አያልፍም። መቃወሚያው «ተቃዋሚው ካርታ የለውም» ተብሎ በአንድ መስመር ውድቅ ከተደረገ፣ የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃ ሳይሰማ ወስኗል የሚለው የይግባኝ ቅሬታ ሚዛን ይደፋል።

በአፈጻጸም ችሎት ተቃውሞዬ ውድቅ ሆነ። ይግባኝ ልበል ወይስ አዲስ ክስ ልመሥርት?

የ418 ምርመራ አጭር ነው፤ ተቃዋሚው ንብረቱ በተከበረበት ቀን መብት ወይም ይዞታ እንደነበረው ያስረዳል፣ ፍርድ ቤቱም ያነሳዋል ወይም ያጸናዋል። ሆን ተብሎ የዘገየ ተቃውሞ ላይመረመር ይችላል። በዚህ ትእዛዝ የተጎዳ ወገን፣ ባለገንዘቡም ቢሆን፣ በንብረቱ ላይ ያለውን መብት በራሱ ክስ እንዲያስረዳ ሕጉ ዕድል ሰጥቶታል። ቅሬታዎ «ማስረጃዬ ሳይሰማ ታለፍኩ» የሚል ከሆነ ይግባኙ ትርጉም አለው፤ ቅሬታዎ ግን «ባለቤትነቴ በጥልቀት አልታየም» የሚል ከሆነ ሙሉ ክርክር የሚደረግበት ክስ የተሻለ ነው።

ቤቱን የሚሸጠው ባንክ ከሆነስ?

የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። በዚህ አዋጅ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ በውሉ ሥልጣን ተሰጥቶት ከሆነ፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ይሸጣል። ፍርድም የአፈጻጸም መዝገብም ስለሌለ 358ም ሆነ 418 አይሠራም። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው መያዣው በእሱ ላይ እንደማይጸና ዳኝነት የሚጠይቅ ክስ መመሥረት አለበት፤ ይግባኙም ከዚያ ክስ ነው የሚነሳው።

ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ ንብረቱ እንዳይሸጥ ማድረግ እችላለሁ?

ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን አፈጻጸምን አያግድም። ከቁጥር 332 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት የአፈጻጸም ማገጃ በተለየ ማመልከቻ መጠየቅ አለበት፤ አመልካቹ ካልታገደ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ማስረዳትና ብዙ ጊዜም ዋስትና ማቅረብ ይጠበቅበታል። በክርክሩ ላይ ያለው ንብረት ለሌላ እንዳይተላለፍ ደግሞ በቁጥር 154 የእግድ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። የእግዱ ትእዛዝ ሲወጣ ግልባጩን ለምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ማድረስና ገቢ የተደረገበትን ቁጥር መያዝ የአመልካቹ ሥራ ነው፤ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ የቀረ እግድ ስም መዛወርን አያቆምም።

በመጨረሻ የሚሰጠው ውሳኔ ምን ዓይነት ሊሆን ይችላል?

በቁጥር 348 መሠረት የሥር ፍርድ ሊጸና፣ ሊሻሻል ወይም ሊሻር ይችላል። በሦስተኛ ወገን ጉዳዮች አራተኛው፣ ማለትም መዝገቡን መመለስ፣ ተደጋግሞ ይታያል። የሥር ፍርድ ቤት ጥያቄውን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባት በፊት በሚነሳ መከራከሪያ) ብቻ ዘግቶት ከነበረ ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩን በቁጥር 341 ይመልሰዋል፤ መያዝ የነበረበት ጭብጥ ሳይያዝ ታልፎ ከሆነ ደግሞ ያንን ነጥብ ለይቶ እንዲጣራ በቁጥር 343 ይልከዋል። ጉዳይ የተመለሰለት ሰው አሸነፍኩ ብሎ መዘናጋት የለበትም፤ መዝገቡ ራሱ ተንቀሳቅሶ አይከፈትም፣ በሥር ፍርድ ቤት አመልክቶ ማስቀጠል አለበት።

ሰበር ምን ይመለከታል?

ሰበር ሰሚ ችሎት የማስረጃ ምዘና ሦስተኛ ዙር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የሚመረምረው የመጨረሻ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ወይ የሚለውን ነው። የፌዴራል ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም፣ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 454/1997፣ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ «ምስክሮቼ አልታመኑልኝም» የሚል አቤቱታ እዚያ አይሄድም፤ «ካርታው በፈራሽ ውል ላይ የተመሠረተ መሆኑ ተረጋግጦ ሳለ ቁጥር 1196 ሳይጠቀስ ታለፈ» የሚል አቤቱታ ግን ሊታይ ይችላል። ተመሳሳይ ነጥብ ላይ የተሰጠ የሰበር ውሳኔ ካለ የመዝገብ ቁጥሩን በይግባኝ ማመልከቻው ላይ አስቀድሞ መጥቀስ ይጠቅማል፤ ከዚያ የሚለይ ፍሬ ነገር ካለም እዚያው መናገር ነው፤ ተቃራኒው ወገን ማንሳቱ አይቀርምና።